ተኩስ ቁጥር አራት

በመካነ ሰላም ኮምፒውተር ለመግዛት ያሰበ ሰው ሻጩ ዘንድ ከመሄዱ በፊት ፈዲላ ዘንድ ይሄዳል። ከወግዲና ከደጎሎም ይመጣሉ። ሱቋ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ ያለች ባለ አንድ በር ክፍል ናት። መጪው ሁሉ አፉን የሚከፍተው በአንድ ጥያቄ ነው። «የቱ ኮምፒውተር ይሻላል?» እሷም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ምን ልትሠራበት?» ትለዋለች። «ቪዲዮ ላቀናብርበት» ካላትም አትለቀውም። «የምን ቪዲዮ?»

መንዙማ ከሆነ ምስሉ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ሥራው ድቤውና ዜማው ነው። ግራፊክስ ካርዱን ትተህ ጥሩ ሄድፎን ግዛ ትለዋለች። የሙት ዓመት መታሰቢያ ከሆነ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ያረጀ ላፕቶፕም ይወጣዋል። ስልክ ላይ ለሚታይ አጭር ቅንጭብ ካፕካት የሚባል የስልክ ፕሮግራም አለልህ፣ ኮምፒውተርም አያስፈልግህ። ሠርግ ነው ካላት ግን ወንበር ስባ ታስቀምጠዋለች። ሠርግ ማለት ሁለት ካሜራ፣ የስድስት ሰዓት ምስል፣ ሰባት ስምንት ዘፈን ነው። ራሙ ከአሥራ ስድስት ጊጋባይት ካነሰ እንዳትሞክረው። ፕሮግራሙም እያንዳንዱን ድምፅ በየረድፉ ለይቶ የሚያስቀምጥ ይሁን፤ የቱ ከካሜራው፣ የቱ ከአንተ እንደመጣ ከዓመት በኋላም ማወቅ አለብህ።

አንድ የደጎሎ ጎረምሳ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚበራ ኮምፒውተር በስልኩ አሳይቷት «ይኼስ?» አላት።

«መብራት ከሆነ የፈለግከው፣ አምፖል አለልህ» አለችው።

ወንድሟ ሙእሚን ከደጃፉ ተቀምጦ የካሜራውን ሌንስ እየወለወለ ሳቀ። «እሷ ዘንድ ምክር እንጂ ርኅራኄ የለም። አብሽር፣ እኔንም እንዲህ ነው የምታደርገኝ» አለ።

ሙእሚን በሁለት ዓመት ይበልጣታል። እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታቀናብራለች። ድምፁ ወፍራምና የረጋ ስለነበረ የመታሰቢያ ፊልም ሲሠሩ ተራኪውም እሱ ነው። በሱቁ የኋላ ጥግ ሁለት ብርድ ልብስ ሰቅለው የድምፅ መቅጃ ቦታ አበጅተዋል። ትንሿ የድምፅ መቅጃ ከብርድ ልብሱ እጥፋት መሃል ተሸጉጣ ትቀመጣለች፤ ከውጭ አትታይም።

ሁለቱን የሚያጨቃጭቃቸው አንድ ነገር ነበር። ለአዲሱ የሠርግ ወቅት ማሽኑን የሚያፈጥን ግራፊክስ ካርድ ወይም ትልቅ ሃርድ ዲስክ ከመግዛት አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ ሁለቱን አይችሉም። ሙእሚን ዲስኩን አለ። የቀረጸው ሁሉ ሳይነካ እንዲቀመጥ ይፈልጋል።

«የሰው ሠርግ ነው፣ ፈዲላ። ዋናውን እንዴት እናጠፋለን?»

«ደንበኛው ያለቀውን ወስዷል። ዋናውን ማን ይጠይቀናል?»

«አንድ ቀን የሚጠይቅ አይጠፋም።»

«አንድ ቀን ለሚመጣ ሰው ብዬ ዛሬ ማሽኑ በየአምስት ደቂቃው ሲቆም ልቀመጥ?»

እሷ አሸነፈች። ካርዱ በጥር መጨረሻ ከአዲስ አበባ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሥራው አልቆ ደንበኛው በተረከበ ማግስት የካሜራው ዋና ምስል ይጠፋል፤ ቦታው ለሚቀጥለው ሠርግ ይለቀቃል።

ስለ ተኩሱም መናገር ያስፈልጋል። በዚያ አገር ሠርግ ያለ ተኩስ አይደምቅም። የካሜራ ማይክ ግን የጥይት ድምፅ አይችልም፤ ቆርቆሮ በድንጋይ የተመታ ይመስላል። ስለዚህ ፈዲላ እውነተኛውን ታወጣና በምትኩ ንጹሕ ተኩስ ታስገባለች። ስድስት ዓይነት ነበራት። ሰው የሚወደው አራተኛውን ነው፤ ከወዲያ ማዶ ገደል ደርሶ የሚመለስ ድምፅ አለው። ኋላ በሠርግ ላይ መተኮስ ተከለከለ። ሰዉ ጠመንጃውን ይዞ ይፎክራል፣ አይተኩስም፤ ቪዲዮው ላይ ግን ተኩሱን ይፈልጋል። «ቁጥር አራትን አድርጊልን» ይሏታል ሙሽሮቹ ራሳቸው። ከሙሽራዋ ፊት ላይ ከሚጨመረው ብርሃን ለይቶ የሚያየው አልነበረም። ፈዲላም አልለየችውም።

ጥር 13 ቀን ከወግዲ ወዲህ ባለ አንድ ቀበሌ ሠርግ ነበር። ሙእሚን ቀረጸ። የሙሽራው አጎት ታደለ፣ የሃምሳ ዓመት ገበሬ፣ ክላሹን ወደ ሰማይ አንስቶ ሦስት ጊዜ ትከሻውን ነቅነቅ እያደረገ ፎከረ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከዳሱ በስተጀርባ ካለው ወንዝ ዳር አንድ ሰው ወድቆ ተገኘ። ክንፈ ይባላል። ጥይት በአንገቱ ገብቶ በመንጋጋው ወጥቷል። ግማሹ ፊቱ ውኃው ውስጥ ነበር፤ ውኃው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ቀልቶ ይወርዳል። በከበሮውና በእልልታው መሃል ጥይቱ ከየት እንደተተኮሰ የሰማ ሰው አልተገኘም።

ክንፈና ታደለ በድንበር ምክንያት ለዓመታት ተጣልተው፣ ከሠርጉ ጥቂት ወራት በፊት ታርቀው ነበር። ጥርጣሬው ታደለ ላይ ወደቀ። ፖሊስ መጥቶ አስከሬኑን መርምሮ፣ ምስክር አጥቶ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ጥር 20 ቀን አውጫጭኝ ጠሩ። በሠርጉ ቀን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ አንድ በአንድ እየቆመ መተኮስ አለመተኮሱን በመሐላ ተናገረ። ታደለም ማለ። «ክላሼ በዚያን ቀን አንድ ጥይት አልተፋም። ካዝናውንም ይዤ አልወጣሁ» አለ። የክንፈ ታላቅ ወንድም አምባቸው መሐላውን ሰምቶ ተነሥቶ ሄደ።

ፈዲላ ይህን ሁሉ አላወቀችም። ሠርግ ላይ ሰው መሞቱን ሰምታ ነበር፤ የመሐላውን ቃል ግን ማንም አልነገራትም። ጥር 28 ቀን ቪዲዮውን አስረከበች። በማግስቱ ዋናውን አጠፋች። ከሙሽራው ቤት አንዱ የታደለን ፉከራ ቆርጦ ከስልክ ወደ ስልክ አስተላለፈው። ታደለ ትከሻውን ሲነቀንቅ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል፤ ማዶ ያለው ገደል ሦስት ጊዜ ይመልሳል።

ቅንጭቡ አምባቸው ስልክ ላይ በአራተኛው ቀን ደረሰ፤ ተኩስ በኮምፒውተር እንደሚጨመር አያውቅም። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ሌላውንም አድርጎታል አለ። የካቲት 3 ቀን ጎህ ሲቀድ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር የታደለን ግቢ ከበበ። ታደለ አልነበረም፤ ወፍጮ ቤት አድሯል። ሣር ቤቱን ለኮሱት። የታደለ ሚስት ሸጋዬ በጢሱ ታፍና የልጆቿን የትምህርት ቤት ወረቀት የያዘ ሣጥን አቅፋ ወጣች። ደጃፉ ላይ ደረቷን በጥይት መቷት። ሣጥኑን ሳትለቅ ወደ ኋላ ተመልሳ እሳቱ ውስጥ ወደቀች፤ ጎትቶ ያወጣት አልነበረም። የሁለቱን በሬዎች ቋንጃ በመጥረቢያ ቆርጠው ሄዱ። በሬዎቹ በፊት እግራቸው እየተጎተቱ እስከ ረፋድ ጮኹ።

በማግስቱ አንድ የሚኒባስ ረዳት ወሬውን ሱቋ ድረስ ይዞ መጣ። «አልተኮስኩም ብሎ ምሎ ቪዲዮው አጋለጠው» አለ፣ ስልኩን እያሳያት።

ፈዲላ ድምፁን ሰማች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጇ ከኪቦርዱ ላይ ወረደ። ረዳቱ እስኪወጣ ጠበቀችና ሙእሚንን ጠራችው።

«ይኼ ቁጥር አራት ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ተኩሱ። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሰውዬው አልተኮሰም።»

ሙእሚን ወንበር ስቦ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። «ዋናውን አምጪዋ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

አልተቆጣም። «እንግዲያው አሁኑኑ ፖሊስ ዘንድ ሄደን እንናገር» አለ።

«ማን ያምነናል? ምን ይዘን?»

«አፋችንን ይዘን።»

ፈዲላ ግን ፈራች። የሸጋዬ ደም በማን ራስ ላይ እንደሚያርፍ አሰበች፤ በአገሩ ሁሉ ያቀናበረቻቸው ሠርጎች አንድ በአንድ ታወሷት። አንድ ቀን ስጠኝ አለችው። አንዱ ቀን ሁለት ሆነ። ከነገ ወዲያ የሚደርስ የሙት ዓመት ፊልም ነበራቸው፤ እሱን እንጨርስና እንሄዳለን አለች።

የካቲት 6 ቀን ሙእሚን ከብርድ ልብሱ ጥግ ተቀምጦ ትረካውን ሲቀዳ፣ እሷ ለዙህር ሶላት ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ስትመለስ የሱቁ በር ከማጠፊያው ተገንጥሏል። ኮምፒውተሩ በመጥረቢያ ዛቢያ ተቀጥቅጦ ውስጡ ወጥቷል፤ አዲሱ ካርድ ለሁለት ተሰብሯል፤ የፕሮጀክቱ ፋይል የነበረበት ዲስክ ደቅቋል። ሙእሚን ከጠረጴዛው ሥር በጎኑ ተኝቷል። የቀኝ ዓይኑ የለም። ጣቶቹ ፊቱን ሲከልልባቸው ተሰባብረው ወደ ኋላ ዞረዋል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚወጣው ግን ደም የተቀላቀለ አረፋ ነው። የከተማው ሆስፒታል ወደ ደሴ ላከው። በዚያ መንገድ መኪናው በዘለለ ቁጥር ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። አቀስታ ከተማ ሳይደርሱ ነፍሱ ወጥታ ጭኗ ላይ ከበደ።

ልብስ ሰፊው ምንም አልሰማሁም አለ። ሌሎቹ ሦስት ወጣቶች ሲወጡ አይተናል፣ ፊታቸውን ግን አላየንም አሉ። የታደለ ወገን መሆናቸውን አገር ሁሉ ያውቃል፤ ስም የሚጠራ ግን ጠፋ።

ፈዲላ ለሁለት ሳምንት ሱቁን አልከፈተችም። በስተመጨረሻ የተረፈውን ልትሰበስብ ገባች። ብርድ ልብሶቹን ልታጥብ ስታወርድ ከእጥፋቱ መሃል ትንሿ የድምፅ መቅጃ ወደቀች። ባትሪዋ አልቋል። ባትሪ ቀይራ ከፈተቻት። የሙእሚን ድምፅ መጣ፤ «ከዚህ ዓለም በሞት የተለዩን አባታችን…» ይልና ይሳሳታል፣ ይስቃል። «ፈዲላ ብትሰማ ኖሮ ትቆርጠኝ ነበር» ይላል። እንደገና ይጀምራል። ከዚያ በሩ ሲበረገድ ተሰማ። እዚያ ላይ አጠፋችው።

በዚያው ቀን አሮጌውን ላፕቶፕ ከእናቷ ቤት ሣጥን አወጣች። ካርዱ ከመምጣቱ በፊት የታደለን ዘመዶች ሠርግ የጀመረችው በእሱ ላይ ነበር። ላፕቶፑ ከባዱን ምስል ስለማይችል ቀላል ቅጂ ታዘጋጅለት ነበር፤ ምስሉ ደብዛዛና ትንሽ፣ ድምፁ ግን ካሜራው እንደሰማው ሙሉ ነው። ሥራውን ወደ ትልቁ ኮምፒውተር ስታዛውር ቀላሎቹን ቅጂዎች መደምሰስ ረስታ ኖሯል። ከፈተቻቸው። ታደለ ትከሻውን ሲነቀንቅ ተኩስ የለም። በተኩሱ ቦታ የሰው ንግግር አለ። ደጋግማ ሰማችው። ማን እንደሚናገር ግን አላወቀችም።

መጋቢት 11 ቀን ሁለቱ ወገኖች ደም ሊያደርቁ እንደሚቀመጡ ተሰማ። ይህ ካልሆነ የታደለ ወንድሞች የአምባቸውን ቤት ሊያቃጥሉ ምለዋል። አምባቸው ከተደበቀበት ቆላ በሽማግሌዎቹ ዋስትና ይወጣል፤ ታደለ የክንፈን ደም አምኖ እንዲቀበል ይጠየቃል። ካልተቀበለ እርቁ አይኖርም። ፈዲላ የላፕቶፑን ቦርሳ ስታዘጋጅ እናቷ ዙሀራ ደጃፉ ላይ ቆመው አገኟት።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ወግዲ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ።»

«የልጄን ገዳዮች ነጻ ልታወጪ?»

«ጋሽ ታደለ አልገደለውም፣ እማ።»

«የማንን ስም እየጠሩ ነው የገደሉት ታዲያ?»

ፈዲላ ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ጨመረች። ዙሀራ ወደ ውስጥ ገብተው ከፊቷ ተቀመጡ።

«ሙእሚን ቢኖር ይኼን ያደርግ ነበር እንዳትዪኝ። እሱ የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ። ዝም ብትዪ ያ ሰው በሐሰት ይፈርዱበታል፤ እኔም እስማለሁ፣ ልቤም ትንሽ ይበርድልኛል። ወላሂ ይበርድልኛል። ይኼን እወቂልኝ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው የምትሄጂው?»

«ጥይቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እማ። እኔው ነኝ የማወጣው።»

ዙሀራ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው ፈቱት። «ባትሪውን ሞልተሽዋል?» አሉ።

እርቁ በሚደረግበት ሜዳ ላይ መብራት የለም። የላፕቶፑ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ነው የሚቆየው፤ የማቀናበሪያውን ፕሮግራም ብትከፍትበት ይቆማል። ፈዲላ ሌላውን ሰው የምትጠይቀውን ራሷን ጠየቀች። ምን ልሠራበት? ማሳመር አያስፈልጋትም፤ መቁረጥም አያስፈልጋትም። ማጫወት ብቻ። ስለዚህ ሁሉንም ፕሮግራም ዘግታ ተራውን ማጫወቻ አዘጋጀች፣ ከመድረሳው በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ተዋሰች፣ መቅጃዋን በኪሷ ይዛ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣች።

ሁለቱ ወገኖች በሜዳው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነበር፤ መሃሉ ባዶ ነው። ጠመንጃዎቹ በሽማግሌዎቹ ኋላ ተደርድረዋል። ሁለት ፖሊሶች ራቅ ብለው ቆመዋል። የእርቁ መሪ ሸህ ሷሊህ ከአንድ አዛውንት ቄስ ጎን ተቀምጠዋል። ታደለ ከሲታ ሆኗል፤ ጠጉሩን ለሐዘን ተላጭቷል። ከኋላው ወንድሞቹና የእህቱ ልጆች አሉ። ማዶ አምባቸው ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቧል።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» አሉ ሸህ ሷሊህ።

«የተገደለው የቪዲዮ ቀራጭ እህት ነኝ፣ አባ። ያን ተኩስ ቪዲዮው ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

ከግራም ከቀኝም ጉርምርምታ ተነሣ። ፈዲላ ላፕቶፑን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን ቅንጭብ አጫወተች። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ የተረፈውን ቁጥር አራት ለብቻው፣ ያለ ምስል፣ ሦስት ጊዜ አሰማች። ያው ድምፅ፣ ያው ገደል። አንድ ሽማግሌ «የእኔም ልጅ ሠርግ ላይ ያለው ይኼው ነው» አለ።

አምባቸው ተነሣ። «ድምፅ መጨመር የምትችል መቀነስም ትችላለች። ዛሬ ማን ላካት? ወንድሟን ገድለው አስፈራርተዋታል።»

«እውነቱን ነው» አለች ፈዲላ። «መቀነስ እችላለሁ። የሌለ ሰው ማናገር ግን አልችልም። ይኼን ስማ፣ ጋሼ። ካሜራው የሰማው ነው።»

ቀላሉን ቅጂ አጫወተች። ከበሮ፣ እልልታ። ታደለ ክላሹን አነሣ፣ ትከሻው ተነቀነቀ። ከካሜራው አጠገብ አንድ ሰው ሳቅ እያለ ተናገረ።

«ታዴ፣ ባዶ እንጨት ነው የምትነቀንቀው? ካዝናህን የት ጣልከው?»

«ቤት» ይላል ታደለ፣ እያለከለከ። «ሸጋዬ ደብቃብኝ።»

«አንጀቴን አራሰችው። ሚስት እንዲህ ናት።»

አምባቸው እንደቆመ ቀረ። ማንም ማን ነው የተናገረው ብሎ አልጠየቀም፤ መንደሩ ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። ክንፈ ነበር። ጀንበሯ ከማዘቅዘቋ በፊት፣ በሕይወት ሳለ፣ የታረቀውን ሰው ይቀልድበታል። ፈዲላ ለዘፈኑ ስትል፣ ወሬ ነው ብላ፣ በተኩስ የሸፈነችው ይኼንን ነበር።

«ድገሚው» አለ አምባቸው።

ደገመችው። አምባቸው ቁልቁል መሬቱን እያየ ተቀመጠ። ጋቢው ከትከሻው ወረደ፤ አላነሣውም። ከአጠገቡ ያለው ታናሽ ወንድሙ «ሴትዮዋን እኮ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። አምባቸው እጁን ዘርግቶ የወንድሙን አፍ ያዘ። ሁለቱ ፖሊሶች ሁለት እርምጃ ቀረቡ፤ አልሸሸም።

ታደለ ግን አለቀሰ። ነጻ በመውጣቱ አልነበረም፤ የሸጋዬ ስም በክንፈ ሳቅ ውስጥ ስለተጠራ ነው። ተነሥቶ ወደ ፈዲላ መጣ። «ልጄ፣ አምላክ…» ብሎ ሊመርቃት እጁን ዘረጋ።

«ቆይ፣ ጋሽ ታደለ» አለችው። «አላለቀም። የእኔም ደም አለ።»

መቅጃዋን ከኪሷ አውጥታ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘች። «ይኼንን እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። አብረን እንሰማዋለን።»

የሙእሚን ትረካ ሜዳውን ሞላው። ሳቁም መጣ። በሩ ተበረገደ።

«ያቺ ተኩስ ሻጭ የት አለች?»

«ሶላት ላይ ናት» ይላል ሙእሚን። «ምን ነበር? ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አጎቴን ነፍሰ ገዳይ ያደረገችው እሷ ናት።»

«ተረጋጋ፣ ወንድሜ። እናውቃለን፤ አልተኮሰም። ስህተቱ የእኛ ነው። ነገ ፖሊስ ዘንድ ሄደን እንናገራለን።»

«ነገ? የአጎቴን ሚስት ትናንት ቀብረናል፣ አንተ ነገ ትላለህ?»

ከዚያ የመጀመሪያው ምት። እንጨት በአጥንት ላይ ሲያርፍ ማዶ ገደል የሚመልሰው ድምፅ የለውም፤ ደረቅና አጭር ነው። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ሙእሚን «እጄን» አለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ብረት ተቀጠቀጠ፣ መስታወት ረገፈ። አንዱ «ይበቃል፣ እንዳልካቸው፣ ይበቃል፣ ሞተ» አለ። ያም መለሰ፤ «አልሞተም። ዓይኑን ተመልከት፣ ያየኛል።» ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ የሰሙ ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ።

ታደለ ፊቱን ሳያዞር «እንዳልካቸው» አለ። የእህቱ ልጅ ከኋላው ሦስተኛው ሰው ነበር። «ያንተ ድምፅ ነው።»

ወጣቱ ብድግ አለ። መሮጫ አልነበረውም፤ ሽመሉን አንስቶ ወደ ላፕቶፑና ወደ ፈዲላ ተወረወረ። ታደለ መሃል ገብቶ ክንዱን አቀረበለት። የክንዱ አጥንት ሲሰበር ከድምፅ ማጉያው ከሚወጣው ጋር አንድ ሆነ፤ ለጥቂት ጊዜ የቱ የዛሬ፣ የቱ የዚያን ቀን እንደሆነ አልታወቀም። ታደለ በደኅና እጁ የልጁን ጉሮሮ ይዞ ጣለው፤ ጉልበቱን ደረቱ ላይ አሳርፎ «በእኔ ስም?» አለው። «በሸጋዬ ስም?» ሰዎቹ ደርሰው ባያላቅቋቸው ይገድለው ነበር። እንዳልካቸውን በገዛ ጋቢው አስረው ለፖሊሶቹ ሰጡት። ሁለቱ ጓደኞቹም ስማቸው ሳይጠራ ተነሥተው ከጎኑ ቆሙ። ክንፈን የገደለው ማን እንደሆነ ግን በዚያ ሜዳ ላይም አልታወቀም።

አቧራው ሲረጋ ሸህ ሷሊህ ወደ ፈዲላ ዞሩ። «አለቀ?»

መቅጃዋን አየች። «አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል፣ አባ።»

«ምን አለበት?»

«አላውቅም።»

«መስማት ግድ ነው?»

«እኔ ዘንድ ግድ ነው።»

ሽማግሌው ጥምጣማቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሁሉም ተቀመጠ። ታደለ የተሰበረ ክንዱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ማጉያው ቀረበ።

ትንፋሽ ነበር። እየተቆራረጠ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሰው እየተንቦጨቦጨ። ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ሰፊው መኪና ጸጥ ብሎ ነበር፤ ቆይቶ ትክ ትክ ማለት ጀመረ። ከመናኸሪያው በኩል አንድ ረዳት «አቀስታ፣ ደሴ፣ ደሴ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው» እያለ ይጠራል። ትንፋሹ አንድ ጊዜ ቃል ለመሆን ሞከረና ተመልሶ ትንፋሽ ሆነ። መኪናዋ ሞልታ ሄደች። ሌላ ረዳት መጥራት ጀመረ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ የነጠላ ጫማ ኮቴ ከሩቅ ተሰማ። አይቸኩልም። ደጃፉ ላይ ደርሶ ቆመ። የሴት ድምፅ፣ ገና ምንም ያላየ፣ ትንሽ የተቆጣ፤

«ሙእሚን፣ በሩን ምን ነካው?»

ፈዲላ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፁን ሳትቀንስ፣ መቅጃዋ በራሷ እስክትቆም ጠበቀች።